ባለ ጎማዋ ቤቴ

መስከረም 21 ቀን 1998

ዛሬ ግሸን ማርያም ናት። ግማሹ ከተማ ወደ ግሸን ወጥቷል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ የሄዱትን ያማል። ፀጉር ቤቴ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ ገባ... እሷም ይማርሽ። ጎረቤቴ ናት፣ የሹሩባዋን የምትከፍለኝ በወሬ ነው። ዛሬ የነገረችኝን ሁሉ ብጽፈው ይሄ ደብተር ያልቃል። የሆቴሉ ዘበኛ ሁለተኛ ሚስት... ተይው።

ሚኒባሷ ውስጥ ሁለት እንቁላል አገኘሁ። ዶሮዎቹ የሹፌሩ ወንበር ላይ መጣል ለምደዋል። ባሌ አረጋና ወንድሙ ከጋሸና ላሊበላ ሰው ሊያመላልሱባት የገዟት መኪና ነበረች። ወንድሙ አዲስ አበባ ገባ፣ አረጋ ግሬደር ሊነዳ ተመልሶ መንገድ ሥራው ገባ፣ እሷ ግቢያችን ገባች። ሦስት ዓመቷ።

አረጋ ለመስቀል መጥቶ ከሄደ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ያደረው። ትራሱን አላጠብኩትም። ከማን እደብቃለሁ... አላጠብኩትም።

መስከረም 30

ሰጠኝ መጣ። ለእነ አረጋ የመንገድ ሥራ ካምፕ ናፍጣ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነው። እዚያ ስልክ ስለሌለ ፖስታችን እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ፣ አውርቶ፣ አስቆ ነበር የሚሄደው። ዛሬ "እትዬ የትናየት፣ ደብዳቤ" ብሎ ቶሎ ዞረ። እዚያው ቆሜ ከፈትኩት።

"ይድረስ ለውድ ባለቤቴ። እኔ ደህና ነኝ። አሁን ከብልባላ በላይ ዳገቱ ጫፍ ሰፍረናል። ከዚያም ወደ ሰቆጣ እየተጠጋን እንሄዳለን። ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ከእንግዲህ ፈቃድ በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በየመንፈቁ ነው ተብሏል..."

የፈረመው ጳጉሜ 3 ነው። ራሱ ጽፎታል፣ ቀኑን ሳይቀር። ስለዚህ ለመስቀል ሲመጣ ፈርሞ ነው የመጣው ማለት ነው። ደመራው ሥር አጠገቤ ቆሞ፣ ዶሮዬን በልቶ፣ "በሩ ይንቋቋል" ብሎ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቶ... አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በዓመት ሁለቴ። ዘጠኝ ዓመት ተጋብተን ግማሹን በመሸኘት ነው ያሳለፍኩት። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሆነ፣ መልኬን ያውቀዋል? እኔስ የሱን?

ጥቅምት 5

ይማርሽ አልለቀቀችኝም። "ሁለት ዓመት ምን አላት፣ እንደ ሁለት ቅዳሜ ናት" ትለኛለች። ባሏ ከጎኗ ርቆ የሄደው ትልቁ መንገድ እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ነው።

እንዳታየኝ ሚኒባሷ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለማልቀስ ነበር። ግን የመጨረሻዋ ዝናብ ጀመረችና ጣራው ላይ ስትመታ ሰማኋት... ልክ የቤት ቆርቆሮ። ወደ ላይ አየሁ። ወደ ኋላ አየሁ። የኋላ ወንበሮቹ ቢወጡ አልጋ ይገባል። ከሹፌሩ ጀርባ ቁም ሣጥን። በሩ ጋ ምድጃ...

ማልቀሱን ረሳሁት።

ካምፑ አጥር አለው፣ ሚስት አይገባም። ከአጥሩ ውጭስ? መንገድ ዳር መኪና ማቆም ማን ይከለክላል? ደግሞ ፀጉር የሌለበት አገር የለም። ማበጠሪያና መቀስ ይዤ የትም እሠራለሁ።

አብጃለሁ እንዴ?

ጥቅምት 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። አያ ገብረ ዮሐንስ በሚካኤል መሮ አያነሡም፤ ስለዚህ እቤታቸው እንደማገኛቸው አውቄ ሄድኩ። የእናቴ ወንድም ናቸው። የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ሲያረጅ የሚጠሩት እሳቸውን ነው።

"ምን እግር ጣለሽ?"

"አልጋ ፈልጌ ነው አያ።"

"አልጋ የለሽም?"

"ለመኪና ነው።"

ጢማቸውን ዳበሱ። "መኪና ይተኛል?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብዳቤውን፣ ሁለት ዓመቱን፣ አጥሩን። ሲሰሙ ቆዩና፣ "እሱ ያውቃል?" አሉ።

"አያውቅም።"

"መልካም። ወንድ ልጅ ስለ ቤት ቀድሞ ካወቀ አስተያየት ያበዛል።"

ይሳቁ አይሳቁ አልለይም፤ እሳቸው በከንፈራቸው አይስቁም። እሺ ማለታቸው መሆኑን ያወቅሁት በሩ ድረስ ሲሸኙኝ ነው። "ጎማ ኖረው አልኖረው፣ ሰው ካደረበት ቤት ነው። የሰው ማደሪያ ደግሞ በሚስማር አይወጋም" አሉ።

ጥቅምት 23

አባስ መካኒኩ ከጋሸና መጣ። ግማሽ ቀን ከሥሯ ተኝቶ ዋለ። ዶሮዎቹ እግሩ ላይ ይሄዱበታል።

"ሞተሯ ሕያው ነው፣ ወላሂ። የሞተው ባትሪዋ ነው" አለ። "ግን እህቴ፣ ይህቺ አሮጊት ናት። ሰው ትሸከማለች፣ ቤት አትሸከምም። የምትሠሪው ሁሉ ቀላል ይሁን። ቺፑድ አድርጊው።"

እሺ አልኩት። ማታውኑ ለአያ ገብረ ዮሐንስ፣ "ቺፑድ ቢሆን ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"እሱ እንጨት ነው ወይስ ብስኩት?"

ከዚያ በኋላ አላነሣሁትም። አፈርኩ። ማንሣት ነበረብኝ?

ኅዳር 8

ወንበሮቹ ወጡ። ዶሮዎቹ አኩርፈዋል።

አያ ገብረ ዮሐንስ፣ "የባልሽ ቁመት ስንት ነው?" አሉኝ። አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት... አላውቅም። ደረቱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ሥር እንደምደርስ ነው የማውቀው። በመጨረሻ ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ጫማውን አምጥቼ ወለሉ ላይ እንደ ሰው ዘረጋሁት። እሳቸው በክንድ ለኩ።

"ቀጥ ብሎ ነው የሚተኛ?"

"ጉልበቱን ያጥፋል።"

"ወደየት?"

"ወደ... ወደ እኔ።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ግማሽ ክንድ ጨመሩ።

እሳቸው ሲሄዱ ልብሱን ላነሣ ተመለስኩ። ወዲያው አላነሣሁትም። ትንሽ ከኮቱ ጎን ጋደም አልኩ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ኅዳር 21

ጽዮን። ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። የለመንኩትን እዚህም አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 4

እንጨቱ ዛሬ መጣ። በአራት አህያ። ቁልሉን ሳየው አላወቅሁትም፤ አያ ገብረ ዮሐንስ አንዱን አዙረው ጥቁሩን ጎኑን ሲያሳዩኝ ነው ያወቅሁት። የአባቴ ቤት ምሰሶ ነው። ወይራ። ቤቱ የፈረሰ ጊዜ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ እሳቸው ለቅመው አስቀምጠውት ኖሯል።

"ለምን ሲሉ አስቀመጡት?"

"ለሚገባው ነገር።"

አባቴ የበቅሎዋን ልጓም የሚሰቅልባት ጉጥ እንኳ እንዳለች አለች። ከአልጋው ራስጌ በኩል ትሁን አሉ፣ አረጋ ባርኔጣውን ይስቀልባት።

እንዴት ብዬ "ከባድ ነው" ልበላቸው?

ታኅሣሥ 17

መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ይዘጉና ቀኑን ሙሉ ቋ... ቋ... ቋ። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሠሩት። እንጨቱን ከእንጨቱ እያጎረሱ፣ አንድም ሚስማር የለም፣ ጫፉ የት እንዳለቀ ጣት ሲሄድበት አያገኘውም።

ከተማው ስም አወጣላት። "አሥራ ሁለተኛዋ" ትባላለች። አሥራ አንዱን ቅዱሱ ሠራ፣ አሥራ ሁለተኛዋን ገብረ ዮሐንስ ይፈለፍላል፣ እያሉ ይስቃሉ። አንድ ቄስ ሰምተው ተቆጡ፣ "በቅዱስ ቦታ አይቀለድም" ብለው። ከዚያ ራሳቸው ሊያዩ መጡ። ዙሪያዋን ዞሩ። ውስጧን አዩ። "እውነትም..." ብለው አቋረጡት።

ይማርሽ ደግሞ፣ "ባልሽ ቢያባርርሽ ቤትሽን ይዘሽ ነው የምትወጪ፣ ምን አለብሽ" አለችኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን ያቺው ቃል መጥታ ተቀመጠች። ቢያባርረኝስ?

ጥር 1

ለሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። ገና ነበር። ከተማው በሰው ተሞልቶ መርገጫ የለም። እኛ ግቢ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ሰው። ከመቄት የመጡ ሰባት ተሳላሚዎች ቦታ ሲያጡ ሚኒባሷን ከፈትኩላቸው። አልጋው ገና አላለቀም፣ ግድ የላቸውም።

እግራቸውን አጠብኩ። አንዲት አሮጊት አሉ፣ አራት ቀን በእግራቸው የመጡ። የተሰነጠቀውን ተረከዛቸውን ይዤ ሳለሁ አልጋውን በዓይናቸው እየዳሰሱ፣ "ይሄ የማን ቤት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"የእኔና የባሌ።"

"ባልሽስ?"

"መንገድ ላይ ነው።"

"እንደኛው ነዋ" አሉ።

ለገና አልመጣም። በጋ ነው፣ ሥራ ነው። እንደማይመጣ አውቄ ነበር። አውቄ ሽንኩርቱን ከተለመደው አስበልጬ ከተፍኩ።

ጥር 13

ከጥምቀት በፊት በሰጠኝ በኩል ጽፌለት ነበር። ከእንግዲህ መደበቁ ምን ያደርጋል ብዬ፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ መስኮቷ ላይ መጋረጃ፣ "አንተ ዘንድ እመጣለሁ" ብዬ። መልሱ ዛሬ መጣ።

"ሰማሁ። አትድከሚ። እዚህ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ ውሃ ሩቅ ነው። ቤቱን ጠብቂ።"

አለቀ። ገልብጬ አየሁት፣ ከጀርባው ምንም የለም።

ሰጠኝን፣ "ሲጽፍ ምን ይመስል ነበር?" አልኩት።

"ቁጭ ብሎ ነበር።"

"ተናዶ?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ የሰው ፊት ማንበብ ከቻልኩ ቦቴ እነዳለሁ?"

ቤቱን ጠብቂ። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁት እኮ። ቤቱ የት ይሄድብኛል?

የካቲት 2

አለቀች። አባስ ባትሪ ይዞ መጣ። በሩን ከፈተ። እጁን አልጋው ላይ አሳረፈ። ሊነቀንቀው ሞከረ። ንቅንቅ የለም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አልጋ ነው።"

"ይሄ አልጋ ነው? ይሄ ድልድይ ነው። ስንት ሰው ተሸክሞ አስገባው?"

"አልገባም። እዚሁ ውስጥ ነው የተሠራው።"

አያ ገብረ ዮሐንስ አጠገባችን ቆመው ነበር። አባስ አያቸውና ሞተሩን አስነሣ። ተነሣች። በአየር ማረፊያው መንገድ ቁልቁል ወረድን... እንዴት ደስ ይል ነበር። መጋረጃዬ እየበረረ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ።

ስንመለስ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ቆመች። አጉረመረመች፣ ጨሰች፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ መጥቶ ገፍቶ አወጣን። አባስ ከሥሯ ገብቶ ወጣ። "ክብደት የሚችለው ባሌስትራዋ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ነግሬሽ አልነበረም?"

ነግሮኛል።

የካቲት 3

አልጋውን እናውጣው አልን። አይወጣም። በሩ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ አልጋው ከሦስት ክንድ በላይ። ከቁም ሣጥኑ ጋር ገጥሟል፣ ቁም ሣጥኑ ከወለሉ፣ ወለሉ ከጎኖቹ። መፍታት የሚባል ነገር የለም። አያ ገብረ ዮሐንስ ስልሳ ዓመት ሲሠሩ ማንም ሥራቸውን ያውጡልኝ ብሎ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን በር ዳገት አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን መጡ። በጋቢያቸው ጠቅልለው የያዙት መጋዝ ነው። ገብተው ራስጌው ላይ፣ ከአባቴ ጉጥ ሥር፣ መጋዙን አስቀመጡት። ግን አልሳቡትም።

"አያ፣ ይተውት።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። የሚሄድ ቤት ሠርቼ አላውቅም።"

"ይተውት አልኩ። እንዳለች እሄዳለሁ። እስከደረሰች ትድረስ።"

ካልሄድኩ ሁለት ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ነው። ከሄድኩና "ለምን መጣሽ?" ካለኝ ደግሞ... ቢያንስ በአፉ ይለኛል። ሲለኝ ፊቱን አያለሁ።

አባስ፣ "እስከ ብልባላ አብዛኛው ሜዳና ቁልቁለት ነው፣ ቀስ ብዬ አደርሳታለሁ። ከብልባላ በላይ ያለውን ዳገት ግን አላውቅም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ወላሂ አላውቅም።"

የካቲት 14

ነገ ጠዋት ነው። ፀጉር ቤቱን ዘጋሁ። ቤቱንም። ቁልፉን ለይማርሽ ሰጠኋት። ማልቀስ ጀመረች፣ እኔ ሳላለቅስ። "ወሬ ለማን ነው የምነግረው?" ትላለች። ጻፊልኝ አልኳት። "ወሬ ሲጻፍ ይቀዘቅዛል" አለች። እውነቷን ነው። ዶሮዎቹንም ወሰደች።

አያ ገብረ ዮሐንስ አልተሰናበቱኝም። መጥተው አልጋውን በሰም ወልውለው ሄደዋል። ሽታው ቀርቷል።

የካቲት 15

ዳገቱ ሥር ነኝ።

አባስ ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ውሃው ፈልቶ እንደ ጀበና ገነፈለ። ወደ ኋላ አወረዳት፣ ከመንገዱ ወጣ ያለች ሜዳ ላይ አቆማት፣ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። "በዚህ በኩል የሚወጣው ሰው ብቻ ነው" አለኝ። ወደ ብልባላ በሚመለስ መኪና ሄደ። ሊተወኝ ሳይፈልግ ነው የሄደው፣ ሦስቴ ዞሮ አየኝ።

ካምፑ ከላይ ይታያል። ነጭ ነጭ ድንኳን፣ ቢጫ መኪና። ከዚህ ቆሜ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። የቱ ነው የሱ?

ሰጠኝ በቦቴው ሲወጣ አገኘኝ። "እትዬ... አንቺ ነሽ?" መምጣቴን ንገረው አልኩት።

የካቲት 16

አልመጣም። የብልባላ ሴቶች ገበያ ሲሄዱ ቆመው አዩኝ። አንዷ፣ "ተሰብሮብሽ ነው?" አለች። ቤቴ ነው አልኳት። "ውይ" ብላ ሄደች።

የካቲት 17

መጣ።

በሩን አላንኳኳም። ስከፍተው ውጭ ቆሟል፣ ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ጎማዎቹን እያየ። ከስቷል። ጢሙ አቧራ ለብሷል።

"ባሌስትራው ሞቷል" አለ።

አምስት ወር ጠብቄ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"ግባ" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ገባ። አልጋውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ወይራ?"

"ወይራ።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሱ ቀድሞ ሳቁን አቆመ።

"ቤቱስ?"

"የቱ?"

"ቤታችን። ማን አለ?"

"ማንም። ዘግቼው መጣሁ።"

አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረዋል። "ጠዋት ጠዋት ስነሣ" አለ፣ "አሁን የትናየት በሩን ከፈተች እላለሁ። አሁን ግቢውን ጠረገች፣ አሁን ይማርሽ መጣች፣ አሁን ውሃ ጣደች... ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው የምገፋው። አንቺ እዚያ ስላለሽ ቤት አለኝ እላለሁ። አሁን ምን ልበል?"

እኔ ሳስበው የኖርኩት ይተወኛል፣ ይረሳኛል፣ ያባርረኛል ነው። ይሄን አላሰብኩም። እኔ እሱን ስናፍቅ፣ እሱ የሚናፍቀው እኔ ያለሁበትን በር ኖሯል። በሩን ዘግቼ መጣሁበት።

"ለምን ሳትነግረኝ ፈረምክ?" አልኩት። ሌላ የምለው አጣሁ።

"ብነግርሽ በመስቀል እያለቀስሽ ትሸኚኝ ነበር። ስቀሽ ሸኚኝ ብዬ ነው።"

"ሳቅሁ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ።"

ተነሣና ወደ ካምፑ ተመልሶ ወጣ። አያድርም፤ ፈቃድ የለውም። ባርኔጣውን ረስቶ ሄዷል።

የካቲት 19

ዛሬ ማታ ቅበላ ነው፣ ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። በገልባጭ መኪና ተሳፍሮ ወረደ። ሥጋ ይዟል። አለቃውን አስፈቅዶ። "ከአጥር ውጭ እስካለች ድረስ እኔ አላየሁም" ብሎታል አሉ።

አደረ። ጉልበቱን አጠፈ። ልኩ ልክ ነው።

መጋቢት 11

በየማታው ይመጣል። ሠራተኞቹ ገልባጩ ላይ ሆነው፣ "የዳገቱ ሙሽራ፣ እንዴት አመሸሽ!" ይሉኛል። እጄን አነሣላቸዋለሁ።

የብልባላ ሴቶች ለመዱኝ። ያቺ "ውይ" ያለችው መጀመሪያ መጣች፣ እህቷን ይዛ። እዚህ ሹሩባው ከኛ ይለያል፣ ከግንባር ቀጠን ብሎ ይጀምራል፣ አስተማሩኝ። ወሬም አለ። የምነግራት ይማርሽ የለችም እንጂ።

አረጋ ግን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መስኮቷን ወደ ላሊበላ በኩል ይከፍታል። ምን እያየ ነው? ተራራ ነው እኮ።

ሚያዝያ 16

ትናንት ፋሲካ ነበር። ይማርሽ በሰጠኝ በኩል ድፎ ዳቦ ላከችልን። አረጋ አንድ ጉርሻ በላና አኝኮ አኝኮ፣ "የቤታችን ጉድጓድ ውሃ ነው ያቦካችበት" አለ። ከዚያ ሁለታችንም ጀመርን። ከግቢው በር ጀምሮ። ሦስተኛዋ ደረጃ ትነቃነቃለች። ግድግዳው ላይ ያቺ ስንጥቅ ክረምት ክረምት ትሰፋለች። እሱ አንድ ይላል፣ እኔ አንድ እላለሁ። እንደ ሕፃን። ዳቦው አልቆ እኛ አላለቅንም።

እንዲህ ረጅም ሰዓት ያወራነው... መቼ ነበር?

ግንቦት 20

በዓል ነው፣ ካምፑ እረፍት። ቀኑን ሙሉ አብረን። ከሰዓት በኋላ ነገረኝ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰኔ መጀመሪያ ካምፑ ይነሣል። ወደ ሰቆጣ ጥግ።

"በግሬደሩ ጎትተህ አታወጣትም?"

"ከዚህ ዳገት አወጣታለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አራት ዳገት አለ። ስትወርድ ደግሞ ፍሬን አይችላትም። አንቺ ውስጧ ሆነሽ... አላደርገውም።"

"መጋዝ አምጣ እንግዲያው።"

ራሱ ባርኔጣውን ወደሚሰቅልባት ጉጥ አየ። "በአባትሽ ቤት ላይ እኔ መጋዝ አላነሣም።"

"እኔ አነሣለሁ።"

"አንቺም አታነሺም።"

ላሊበላ ልመለስ? ተመልሼ በሩን ልክፈትለት፣ እሱም እዚያ ሆኖ "አሁን ከፈተች" ይበል? ዓመት ከሦስት ወር ይቀራል።

ግንቦት 27

ዛሬ እግሩን ሲታጠብ ቀስ ብሎ ጀመረ። ያለቀውን መንገድ የሚጠብቅ አንድ ሰው እዚህ ይቀራል። ዝናብ ሲያበላሸው የሚያስተካክል። ለዚያ የሚሰጠው አሮጌው ግሬደር ነው፣ ሲነሣ የሚያስለው። ማንም አልፈለገውም። ትልቅ ሥራ አይደለም፣ ሹመትም የለውም።

አዲሱን ግሬደር የተረከበው እሱ ነበር። ወንበሩ ላይ ፕላስቲኩ እንዳለ። በደብዳቤው ሁሉ ስለ እኔ ሁለት መስመር፣ ስለሱ አንድ ገጽ ይጽፍ ነበር። መቼም አልቀናሁም አልልም።

"ፈረምክ?" አልኩት።

"አልፈረምኩም። ከመፈረሜ በፊት ነው የምነግርሽ።"

ውሃው ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ ሙቅ ጨመርኩለት። ምን ልበለው? "ፈርም" አልኩት። ከዚያ ደግሞ፣ "አይ፣ እደርበት" አልኩት። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ይኸው፣ ነግሮኝም አለቀስኩ።

ሰኔ 7

ካምፑ ዛሬ ሄደ።

ከጠዋት ጀምሮ በፊታችን አለፉ። ድንኳን የጫነ፣ በርሜል የጫነ፣ ቦቴው... ሰጠኝ ጥሩንባውን እየነፋ። እኔ የአንዲት ልጅ ፀጉር ግማሽ ላይ ነበርኩ፤ አቧራው ሲመጣ በነጠላዬ ጋረድኳት። አዲሱ ግሬደር መጨረሻ መጣ። ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። አረጋ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጁን አነሣለት። ግሬደሩ ዳገቱን ሲወጣ ድምፁን እያዳመጠ ቆመ። "ማርሹን ቶሎ ነው የቀየረ" አለ ለራሱ። ከዚያ ወርዶ ከአሮጌው ሥር ገባ።

ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ድምፅ የለም። እንዲህ ጸጥ ያለ አገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ዳገቱ ጫፍ ላይ ነጩ ነገር ሁሉ ተነሥቶ ሣሩ በየአራት ማዕዘኑ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

ዝናብ ስለመጣ ቶሎ ገባን። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ያያል፣ ግራሶው አልለቀቀውም። ስለ ቤታችን አወራን፣ እንደ ለመድነው። ስንጥቋ በዚህ ዝናብ ምን ሆና ይሆን እያልን። ሐምሌ ላይ ጥቂት ቀን ካገኘ በእግርም ቢሆን ሄደን እንለስናታለን ብለናል። ከዚያ ወሬው አለቀና ዝናቡ ብቻ ቀረ። መጠየቅ ፈርቼ ነበር የዋልኩት።

"ጸጸተህ?" አልኩት።

አሰበ። አላባበለኝም። "ገና አላወቅሁም" አለ። "ነገ ጠይቂኝ።"

ነገ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስጠይቀው፣ ጥያቄው በመኪና ሄዶ መልሱ በመኪና እስኪመጣ ስንቴ ጨረቃ አልቃ ትወጣ ነበር።

"እሺ" አልኩት። "ነገ እጠይቅሃለሁ።"